ድምፅ የሌለው ማቀዝቀዣ

የሥራ ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል። በዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራው መስማት ነው፤ አንባቢዎች ቤታቸው በድምፅ ቀድተው የሚልኩትን መጽሐፍ፣ ተማሪዎች እጅ ከመግባቱ በፊት አንድ በአንድ ያዳምጣል። እሱም ራሱ ዓይኑ አያይም። ጆሮ ዳባ ልበስ የሚባል ነገር ግን አያውቅም። አንዲት አንባቢ ከረሜላ ከአንዱ ጉንጯ ወደ ሌላው ማዛወሯን ሰምቶ ምዕራፉን መልሶባታል። የከረሜላውን ጣዕም ጭምር ነገራት የሚሉ አሉ፤ እሱ እንኳ ማጋነን ነው።

ሰኞ ጠዋት፣ የባዮሎጂ መጽሐፍ ለምታነበው ሴት ደወለ።

«እህቴ፣ ምዕራፍ አሥራ ሁለት አላለፈም።»

«ምን አጠፋሁ?»

«አንቺ ምንም። ክፍልሽ ውስጥ ግን ወፍጮ አለ።»

«የምን ወፍጮ?»

«ትንሽ ወፍጮ፣ ሩቅ ያለ። አንቺ ስለ ኩላሊት ስታስረጂ እሱ ከኋላሽ ይፈጫል። እስከ ዓርብ አስተካክለሽ ካልላክሽልኝ ልጆቹ የሚመጣው ሰኞ ፈተና ላይ የሚቀመጡት የመጨረሻዎቹን ሦስት ምዕራፎች ሳይሰሙ ነው። አርባ አንድ ናቸው።»

ወፍጮው ኮምፒውተሩ ነበር። ባሏ ለሦስት ወር ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ከመሄዱ በፊት «ቁጭ ብለሽ እንዳትጠብቂው» ብሎ፣ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ አድርጎላት ነበር። እውነትም ሮጠ። የአንድ ምዕራፍ ድምፅ ለማጥራት ሙሉ ቀን ይፈጅ የነበረው በሁለት ሰዓት ያልቅ ጀመር። የሚሮጥ ግን ይግላል። ከሁሉም ይልቅ ዕቃው ሁሉ በሚሰካበት ሰሌዳ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ቺፕሴት የምትባለው ትንሽ አራት ማዕዘን፣ በፕሮሰሰሩና በሌላው ዕቃ መካከል መልእክት ስታመላልስ ውላ እንደ ካውያ ትግላለች። እሷን ለማቀዝቀዝ የክብሪት ቀፎ የምታህል ማራገቢያ ከላይዋ ተገጥማ ነበር። አሁን አርጅታ የምታፏጨው ይቺው ናት።

ሴትዮዋ የማራገቢያዋን ሽቦ ነቅላ ሞከረች። ክፍሉ ጸጥ አለ። በአሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ስክሪኑ እንደ ፎቶግራፍ ደርቆ ቀረ፤ ያነበበችውም አብሮ ጠፋ። ባሏ ዘንድ ደወለች።

«ወደ ድሮ ፍጥነቱ ብመልሰውስ?»

«ይቻላል። ግን ሦስቱን ለማጥራት ብቻ ሦስት ቀን ነው። መቼ ልታነቢ ነው?»

ስልኩን ዘግታ ፊቷን በእጇ እንደያዘች በሩ ተንኳኳ። አማቷ ናቸው፤ የባሏ አባት። አርባ ዓመት ራዲያተር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሰፈሩ «ጋሽ ራዲያተር» ይላቸዋል። በጎን ባለው ክፍል መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከምራታቸው ጋር የተነጋገሩት ተጠራቅሞ ቢጻፍ ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ እሱም አብዛኛው «እንደምን አደርሽ» ነው።

«ዛሬ ለምን ቆመ?» አሏት።

«ምኑ፣ አባባ?»

«ኩላሊቱ ነዋ።»

ቀና ብላ አየቻቸው።

«ግድግዳው ስስ ነው» አሉ፣ እንደ ተከሰሰ ሰው። «እኔ ምን ላድርግ?»

የሆነውን ነገረቻቸው። የኮምፒውተሩን ጎን አስከፍተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ይሄማ የእኔ ሥራ ነው። ውሃ የሌለው ራዲያተር ማለት ነው። አንቺው አይደለሽ እንዴ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ፣ ላብ ብቻውን አያበርድም፣ አየር ሲያገኘው ነው ያልሽው?»

ብላለች። ማለቷን ግን ከእሳቸው በቀር ያስታወሰ የለም፤ እሷም ጭምር።

አማቷ ቀጭን ሽቦ ፈልገው ከቺፕሴቷ ተነሥቶ ከላይዋ እስከተጋደመው ቪዲዮ ካርድ ድረስ ያለውን ክፍተት ለኩና ልክ እዚያው ላይ አጠፉት። ሽቦውን ይዘው ሁለቱም የኮምፒውተር ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄዱ።

«አባባ፣ ለመኪና ነው?» አለቻቸው ሻጯ፣ ጠማማውን ሽቦ አይታ።

«ለመኪና ቢሆንማ አንቺ ዘንድ ምን እሠራለሁ?»

ሻጯ ስቃ ሦስት ዕቃ ደረደረች። የመጀመሪያዋ አሮጌዋን የምትመስል ባለ ማራገቢያ ናት። አስነስታ አሰማቻቸው። ጉሮሮዋ አዲስ ነው እንጂ ዘፈኑ ያው ነው።

«ይቺ በደንብ ታቀዘቅዛለች።»

«ነፍሷን ይማርና አማቴም ቤቱን ታቀዘቅዝ ነበር። አፏ ግን አያርፍም» አሉና ምራታቸውን በዓይናቸው ጠርዝ አዩ። እየሳቀች ነው። በሁለት ዓመት ሲያስቋት የመጀመሪያቸው ነበር።

ሁለተኛው የመዳብ ነው፤ እንደ ብርጭቆ የቆመ፣ የሚያብለጨልጭ። መዳብ ዕድሜያቸውን ሙሉ የበየዱት ነገር ነውና አንስተው እንደ ሕፃን ታቀፉት። ከዚያ ሽቦውን ጎኑ አቆሙት። መዳቡ በሁለት ጣት በለጠ።

«ካርዱን ይወጋዋል» አሉ። ሲመልሱት ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

ሦስተኛው አጭር፣ ሰፊ፣ ጥርሱ የበዛ የአሉሚኒየም ብረት ነው። ማራገቢያ የለውም፤ ድምፅም የለውም።

«ይሄ ብቻውን አይበቃም» አለች ሻጯ። «ሳጥኑ ጎን ላይ ትልቅ ማራገቢያ ግጠሙና ቀስ እያለ ይንፈስበት። ትልቅ ከሆነ መሮጥ አያስፈልገውም።»

«እንደ ሽማግሌ» አሉ አማቷ፣ እና ተስማሙ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ብረቱንም ትልቁን ማራገቢያም ገጠሙ። በቺፕሴቷና በብረቱ መካከል የሚገባ ግራጫ ቅባት በትንሽ መርፌ ተሰጥቷቸው ነበር። አማቷ መርፌውን እስኪያልቅ ጨመቁት፤ ዳቦ ላይ እንደሚቀባ ቅቤ ቀቡት።

«አይበዛም፣ አባባ?»

«ልጄ፣ በዚህ እጅ ስንቱን ተሳቢ ከመንገድ አስነስቻለሁ። ቅባት የሰሰተ ሰው ተመልሶ ይመጣል።»

ኮምፒውተሩ ተነሣ። ጸጥታው ደስ ይላል። በስምንተኛው ደቂቃ ስክሪኑ ደረቀ። አሮጌው ያለ ማራገቢያም አሥራ ሰባት ደቂቃ ይቆይ እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ።

አማቷ ጎንበስ ብለው ብረቱን ዳሰሱት።

«በረዶ ነው።»

«ታዲያ ከቀዘቀዘ ለምን ይቆማል?»

«ቀዝቅዞ አይደለም፤ ሙቀቱ ስላልደረሰው ነው። መንገድ ላይ የዘጋው አለ።» ባዶውን መርፌ አነሡ። «የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ራዲያተር ላይ ቅባት የሚወፍረው ውሃ እንዳያመልጥ ነው። እዚህ የሚያመልጥ ውሃ የለም። ሙቀት እንዲያልፍበት የተሰጠኝን ብርድ ልብስ አድርጌ አለበስኳት። ተሳስቻለሁ።»

ባሏ፣ አባቱ ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ሲሉ ከተወለደ ጀምሮ አልሰማም። አንድ ጊዜ ግራና ቀኝ ጫማ አቀያይረው አድርገው ሲያነክሱ ውለው፣ ጥፋቱን ጫማ ሰፊው ላይ ነው የጣሉት። ስለዚህ ምራቲቱ የሰማችውን ነገር ክብደት ታውቃለች። ጥጥና አልኮል አመጣች። አጎንብሰው አብረው ጠረጉት። ከመርፌው የቀረ ስላልነበረ አማቷ ከጠረጉት ውስጥ ንጹሑን መርጠው ሊመልሱ ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው፤ ሮጣ ሄዳ ሌላ መርፌ ይዛ መጣች። በዚህኛው ጊዜ የምስር ፍሬ የምታህል ብቻ ጠብ አደረጉ።

አሥራ ሰባት ደቂቃ አለፈ። ሠላሳ። አንድ ሰዓት። አማቷ በየመሀሉ ብረቱን ይነካሉ።

«ሞቀ!» አሉ በመጨረሻ፣ የምሥራች እንደሚናገር ሰው። «ሙቀቱ ደረሰው!»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ።»

«ለምኑ? የገዛ ጥፋቴን ነው ያስተካከልኩት።»

«ለእሱም፣ ለምዕራፍ ዘጠኝም» አለች። እንዳፈረ ጎረምሳ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ረቡዕ ሁለት ምዕራፍ ላከች። ጆሮ ምንም አስተያየት ሳይሰጥ አሳለፋቸው፤ ከእሱ ምስጋና ማለት ይኸው ነው። ሐሙስ የመጨረሻውን ስታነብ አማቷን ከግድግዳው ማዶ ጠርታ ክፍሏ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ማሳልም ወንበር ማንቀሳቀስም ክልክል መሆኑን ነገረቻቸው። አርባ ደቂቃ ሙሉ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ትንፋሻቸውን እየቆጠቡ ሰሙ።

በቤተ መጻሕፍቱ ደንብ አንባቢ መጽሐፉን ሲጨርስ ስሙንና የረዱትን ሰዎች ስም ይናገራል። ስሟን ተናገረች። ቀጥላም የአማቷን ስም ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ጠራች፤ «የክፍሉን ጸጥታ ያስገኙልን» ብላ። አማቷ አልተነቃነቁም። እጃቸውን ግን እንደ ተማሪ አነሡ።

«ምነው፣ አባባ?» አለች መቅጃውን አቁማ።

«አሁን መኪና ያለፈ መሰለኝ። ያቺን የመጨረሻዋን ድገሚያት።»

መኪና አላለፈም። ደገመችላቸው።

ዓርብ ከቀትር በፊት ጆሮ ደወለ፤ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፈተችው።

«ምዕራፉ አልፏል። አርባ አንዱም ወስደዋል፤ አንዱማ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ጀምሮታል። አንድ ነገር ብቻ፤ እኔ ዘንድ ባቆየሁት መዝጊያ ላይ የአንድ ሰው ስም ሁለት ጊዜ ተጠርቷል። የመጀመሪያውም ንጹሕ ነው፤ አንዱን ልቁረጠው?»

ከግድግዳው ማዶ የእግር ኮቴ እንኳ አይሰማም። እዚያ ያለው ሰው ትንፋሹን ይዟል።

«አትቁረጠው» አለች። «የገጠሙትም ሁለት ጊዜ ነው።»

ጆሮም በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስሕተት መሆኑን እያወቀ አሳለፈ።