የሲቲ ኸይሪያ የስኳር መስመር

እህቴ ዘምዘም ከእኔ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ ትኖር ነበር፤ ዓይኗን ካየሁ ግን ስድስት ዓመት አልፎኝ ነበር። እሷ መካ፣ እኔ ጅዳ በኒ ማሊክ ሰፈር፣ ሁለታችንም በሰው ቤት። በዚያ ዘመን ወሎ ውስጥ ልጁን ዓረብ አገር ያላከ ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነበር፤ የእኛ ቤት ሁለት ሴት ልጅ ነበረው፣ ሁለታችንንም ላከ። ዘምዘም የሄደችው እኔን ልታስተምር ነው። እኔ እሷ በላከችው ሁለት ዓመት ስታቲስቲክስ ተማርኩና አባታችን ሲሞት ዩኒቨርሲቲውን ጥዬ ተከተልኳት። ይቅር አላለችኝም። በደወለች ቁጥር ሰላምታውን ሳትጨርስ «ከሚሪያ፣ ያ ትምህርት ምን ዋጠው?» ትለኛለች።

ምን እንደዋጠው እኔ ነኝ የማውቀው። የማዳሜ የሳሊማ የማስተርስ ጽሑፍ ዋጠው። ሳሊማ አስተማሪ ናት። አንድ ቀን ላፕቶፗ ፊት ቁጭ ብላ ፀጉሯን ስትነጭ፣ መወልወያዬን እንደያዝኩ በትከሻዋ አሻግሬ አየሁና «ማዳም፣ እዚህ ጋ ቅንፉን አልዘጋሽውም» አልኳት። አፌን በቆረጠው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳ ዕቃ አጠባ በኋላ እሷ ስትተኛ ሁለት ሰዓት በኮድ ግራፍ እሠራላታለሁ። ከላይ የእሷ ስም ይጻፍበታል፣ እኔ ወደ መወልወያዬ እመለሳለሁ። አይከፋኝም ብል ውሸት ነው።

ዋናው ሥራዬ ግን የሳሊማ እናት ናቸው። ሁላችንም ሲቲ ኸይሪያ እንላቸዋለን፣ አያታችን እንደማለት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ጣታቸውን ወግቼ ስኳራቸውን እለካለሁ፣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ግቢውን አዞራቸዋለሁ፣ ትራሳቸው ሥር የሸሸጉትን ተምር እየፈተሽኩ አወጣለሁ። ሲቲ የመካ ሰው ናቸው፤ ረመዳንን በገዛ ቤታቸው ማሳለፍ ነው ምኞታቸው። ቤቱን የያዘው ልጃቸው ኢድሪስ ግን «ስኳሯ መውረዱን በዓይኔ ካላየሁ አልወስዳትም» ብሏል።

ከረመዳን በፊት ባለው በሻዕባን ወር መጀመሪያ ዘምዘም ደወለች።

«ከሙ፣ ኸላስ፣ ጨረስኩ። ኹሩጅ መቱልኝ። ሻዕባን ሃያ ሰባት አገሬ ገባሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ኹሩጅ የመጨረሻ መውጫ ነው፤ አንዴ ከተመታ መመለስ የለም።

«ከጅዳ አይደል የምትበሪው? ኤርፖርት እመጣለኋ!»

«አሠሪዬ ራሱ ነው ይዞኝ ሄዶ ከበሩ የሚያስገባኝ። አንቺንስ ማን ያወጣሻል?»

ማንም። ሳሊማን ለመንኳት፤ «ኤርፖርት መናፈሻ ነው እንዴ?» አለችኝ። ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ ቀረኝ። ሲቲ ኸይሪያ መካ ከሄዱ እኔም አስታማሚያቸው ነኝና አብሬ እሄዳለሁ። የዘምዘም አሠሪ ቤት ከኢድሪስ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው፤ ማዳሟም «እህትሽ ከመጣች በሬ ክፍት ነው» ብላታለች። እንግዲህ ኢድሪስ በዓይኔ ልይ ካለ ማሳየት የእኔ ሥራ ነው።

የሦስት ወሩን ቁጥር ከደብተሩ ወደ ላፕቶፑ ገለበጥኩና ግራፉን ሠራሁት። ከሁለት ወር በፊት፣ ጁማዳ ላይ ከሦስት መቶ አሥር ይነሳል፣ ሻዕባን ላይ መቶ ሃምሳ ይደርሳል። ሳሊማ ለወንድሟ ላከችለት። አሥር ደቂቃ አልቆየም፣ ጩኸቱ ከስልኩ አልፎ ወጥ ቤት ድረስ ተሰማኝ። ሳሊማ ፊቷ ቀልቶ መጣች።

«እናቴን ምንድን ነው የምታበያት? ስኳሯ እጥፍ ሆኗል ይላል ኢድሪስ!»

«ማን? የእሳቸው ስኳር? ወላሂ በግማሽ ነው የወረደው!»

ስልኩን ቀምቼ አየሁት። ኢድሪስ ከቀኝ ጀምሮ ወደ ግራ ነው ያነበበው። ዕድሜ ልኩን ጋዜጣውንም ቁርኣኑንም ሲያነብ እንደኖረው ማለት ነው። በዚያ በኩል ስትሄድ መስመሩ ከመቶ ሃምሳ ተነስቶ ሦስት መቶ አሥር ላይ ይወጣል። ቀኖቹን ከሥር አዘምሜ፣ በእንግሊዝኛ፣ የጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል ደርድሬያቸዋለሁ፤ ማን ያያቸዋል? ጥፋቱ የእኔ ነበር። ያን ዕለት ግን ጥፋትን የሚቀበል ሆድ አልነበረኝም።

«ወንድምሽ በጭራው ይዞት ነው!» አልኩ።

ሳሊማ ሊያመልጣት የነበረውን ሳቅ ዋጠች። «ያላ፣ እንግዲያው እሱ በሚይዘው በኩል ሥሪው» ብላኝ ሄደች።

መስመሩን ከቀኝ እንዲጀምር ማዞር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ጽሑፉ ነው ያሰቃየኝ። የወራቱን ስም በዓረብኛ ስጽፍ መጀመሪያ ባዶ ባዶ ሳጥን ወጣ፤ ፎንቱ ዓረብኛ አያውቅም። ሌላ ፎንት ሰጠሁት። አሁን ደግሞ ፊደላቱ ወጡ፣ ግን ተለያይተው፣ በዚያ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ተገልብጠው። ዓረብኛ ፊደል እጅ ለእጅ ካልተያያዘ ቃል አይሆንም። በቀን ያለችኝ ሁለት ሰዓት ናት። ምንጣፍ ስጠርግ ስለፊደሉ አስባለሁ፣ ሩዝ ሳወጣ ስለፊደሉ አስባለሁ፣ አንድ ጊዜማ የሲቲን ጣት ሁለቴ ወጋሁ። ሻዕባን አሥራ አንድ አለፈ፣ አሥራ ሁለትም። በሦስተኛው ቀን የሚያያይዛቸውንም የሚያዞራቸውንም ኮድ አገኘሁና «ረጀብ» የሚለው ቃል ቀጥ ብሎ ወጣ፤ እልል ማለት ቀረኝ። ፊደሉን አተለቅኩት፣ ኢድሪስ በኩራቱ መነጽር አያደርግምና።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። በመካከለኛው ወር፣ ረጀብ መሀል ላይ መስመሩ ጉብ ይላል። ያን ሳምንት ሳሊማ ለአማቷ ቤት ሠርግ አውሳኝ ነበር፤ ደብተሩን እሷ ይዛ፣ ሲቲን የሚያዞራቸውም ተምራቸውን የሚፈትሽም ጠፍቶ ስኳሩ ሦስት መቶ ሃያ ገባ። ኢድሪስ የመጀመሪያውን ገልብጦ ስላነበበው ይህን ልብ አላለውም፤ አሁን ካየው አይሆንም ይላል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ የየቀኑን ነጥብ አነሳሁና ለየወሩ አማካይ አወጣሁ። ሦስት ነጥብ፣ አንድ ለስላሳ ቁልቁለት። ጉብታው ጠፋ። ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው አንድም ቁጥር ሳይነካ መዋሸት ይችላል፤ ዘምዘም የከፈለችበት ትምህርት ይህንንም ይጨምራል።

ኢድሪስ አየውና ደስ አለው። ሳሊማ ስልኩን ከፍ አድርጋ አሰማችኝ።

«ማሻአላህ! አሁን ገና ግራፍ ሆነ። እናቴ ድናለች ማለት ነው። ከዳነች አስታማሚ ምን ይሠራላታል? ሚስቴ አለች። ልጅቷ እዚያው ትቅር።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሳሊማ ስልኩን ዘግታ፤ «እኛም የማስተርሴን ምዕራፍ አራት እንጨርሳለን።»

ወጥ ቤት ገብቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ የእኔ ሳልሮጥም ተፈታ። ሽቅብ ቁልቁል እላለሁ፣ ያጠብኩትን ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ። ሸይጧንም መጣ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ተምሩን ከትራሳቸው ሥር ባላነሳውስ? ስኳሩ ይወጣል፣ ከሚሪያ ታስፈልጋለች። አዑዙ ቢላህ ብዬ ተነሳሁና እጄን ታጠብኩ፣ በምን እንደቆሸሸ እንጃ።

በማግስቱ ጣታቸውን ስወጋ ሲቲ ኸይሪያ «ያን ለኢድሪስ የላክሽውን ሥዕል አሳዪኝ» አሉኝ። ፊደል አልቆጠሩም። ስልኩን አስጠግተው መስመሩን በጣታቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተከተሉት።

«ይኼ እኔ ነኝ?»

«አዎ ሲቲ፣ እርስዎ ነዎት።»

«ሠርግ የሄድሽበት ሳምንትስ የታል? ያን ሳምንት ሞቼ አልነበር እንዴ?»

አንድ የተማረ ሰው ያላየውን ያልተማሩት አሮጊት አዩት። አፈርኩ። ወዲያው ደግሞ ነገሩ በራልኝ። የደበቅኩት ጉብታ እኮ ነው የሚወስደኝ! እኔ ስኖር ይወርዳል፣ ስሄድ ይወጣል። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ላመጣ ነበር?

የዚያን ቀን ሳሊማ ተኝታ እስክትነሳ ሦስተኛውን ሠራሁ። የየቀኑ ነጥብ ተመለሰ። ጉብታው ላይ ቀስት አደረግሁና በቀይ፣ በትልቁ፣ «ከሚሪያ ያልነበረችበት ሳምንት» ብዬ በዓረብኛ ጻፍኩ። ስሜ ግራፍ ላይ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሻዕባን አሥራ አምስት ተላከ።

ኢድሪስ እኔን ራሴን ስልክ ላይ ጠራኝ።

«ይኼ ባለፈው የት ነበር?»

«ደብቄው ነበር።»

«ለምን?»

«መካ መሄድ ስለፈለግሁ። እህቴ እዚያ ናት። ስድስት ዓመት አላየኋትም፣ ሃያ ሰባት ላይ ትሄዳለች። ካየኸው እናትህን አትወስድም፣ እኔም እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ።»

ሳሊማ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ኢድሪስ «የእናቴን ደም የደበቀች፣ ሌላ ምን እንደደበቀች በምን አውቃለሁ? ደብተሩን ላኪልኝ። ሐኪሙ አንድ በአንድ ሳያየው አልመጣም» አለ።

ሐኪሙ ደግሞ ቀጠሮ የሰጠው ለሃያ ሦስት ነበር። ስምንት ቀን! ሌሊቱ አይነጋልኝ፣ ቀኑ አይመሽልኝ። ዘምዘም በስልክ ታጽናናኛለች፤ «አብሽሪ ከሙ፣ ሃያ አራት ብትመጪ ሦስት ቀን አለን። ሦስት ቀን ለእኛ ብዙ ነው።» ስለ ግራፉ የነገርኳት ያኔ ነው። ከሆዷ ሳቀች። «እና ትምህርቱ አልሞተማ!» አለች። ይህን ከእሷ አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ።

ሃያ አራት ላይ፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ኢድሪስ በነጭ መኪናው መጣ። ደብተሩን እጄ ላይ አስቀመጠው።

«አንድም ቁጥር አልተሳሳተም። ያላመንኩት አንቺን ነው እንጂ ቁጥርሽን አይደለም። ያላ፣ ዕቃዋን አውርጂ።»

ሲቲን ከፊት አስቀመጥኳቸው፣ እኔ ከኋላ፣ ከኢድሪስ ጀርባ። ሻንጣውን ሳወርድ፣ መድኃኒቱን ስቆጥር ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ጅዳን ከወጣን በኋላ ሳየው ዘምዘም ሰባት ጊዜ ደውላለች። መልሼ ደወልኩ።

«ዘሙ! መንገድ ላይ ነኝ! ልደርስ ነው!»

«እኔም መንገድ ላይ ነኝ።»

«ወዴት?»

«ወደ ጅዳ፣ ወደ ኤርፖርት። በረራው ዛሬ ሆነ። ልበሺ አሉኝ፣ አንድ ሰዓት እንኳ አልሰጡኝም። ስደውልልሽ ነበር እኮ ከሙዬ!»

ሁለተኛውን ግራፍ ስልክ ጉብታውን እንደነበረ ብተወው ኖሮ ሐኪም የለ፣ ደብተር የለ፣ ይኼኔ መካ ነበርኩ። ማንንም መውቀስ አልቻልኩም፤ ሳሊማን እንኳ። ጮኼ አለቀስኩ። ሲቲ ኸይሪያ ዞረው ነገሩን ሲሰሙ የልጃቸውን ክንድ ያዙ።

«ተመለስ!»

«እማ፣ መመለሻው ሩቅ ነው። እስክንደርስ ከበሩ ገብታለች» አለ ኢድሪስ። ድምፁ ውስጥ ግን ቁጣ አልነበረም። መኪናውን ቀስ አደረገው።

በግራችን፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ወደ ጅዳ የሚወርዱት መኪኖች ይበራሉ።

«መኪናችሁ ምን ዓይነት ነው?» አልኳት።

«ነጭ።»

አየሁ። አንዱ ነጭ፣ ቀጣዩ ነጭ፣ ከኋላው ያለውም ነጭ። በዚያ አገር ሁሉም መኪና ነጭ ነው።

«የእኛም ነጭ ነው። የት ነው የተቀመጥሽው?»

«በግራ፣ መስኮቱ ጋ። አንቺስ?»

«እኔም በግራ። እጄን አወጣለሁ፣ አንቺም አውጪ!»

መስኮቱን ለማውረድ ተጫንኩ፤ አልወርድ አለ። ኢድሪስ ለልጆቹ ብሎ ከፊት ቆልፎታል። «ክፈትልኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ እሱም ቁልፉን መፈለግ ጀመረ። መዳፌን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ፣ በጥቁር ወረቀት የተሸፈነ መስታወት ላይ። መኪኖቹ ያልፋሉ፣ ፊት የለም፣ እጅ የለም፣ ነጭ ብቻ።

«አየሁሽ!» አለች ዘምዘም በስልኩ ውስጥ። «ወላሂ አየሁሽ ከሙ! እጅሽን አየሁት፣ ስታወዛውዢው!»

መስታወቱ ገና እንደተዘጋ ነበር።

«አንቺስ?» አለችኝ፤ «አየሽኝ?»

«አየሁሽ» አልኳት።