በቦሎኛ አደባባይ መሃል

ሆዱ ውስጥ ያልተነገረ ነገር የተሸከመ ሰው ሽርሽር አይሆንለትም። እግሩ ይዞራል እንጂ ዓይኑ አያይም። ኖኤሚም በዚያ ቅዳሜ ማለዳ ቦሎኛ ባቡር ጣቢያ ቆማ እናትና አባቷን ስትጠብቅ እንዲሁ ነበረች።

ወላጆቿ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው የሚመጡት ከሌቼ፣ ከጣሊያን ደቡብ ጫፍ ነው። ልጃቸው ሕግ የምትማርበትን ከተማ ቀኑን ሙሉ ሲንሸራሸሩበት ውለው ማታ ይመለሳሉ። ልጅቷ ግን ትምህርቱን ከተወች ዓመት አልፏታል። መጽሐፎቿን ለሌላ ተማሪ ሰጥታ፣ ገበያው ሰፈር በሚገኝ አንድ ሱቅ ረጅሙን መዳመጫ ይዛ የፓስታ ሊጥ ስትዳምጥ ነው የምትውለው። በስልክ ልትነግራቸው ስንቴ ሞክራ ሌላ ወሬ አውርታ ዘግታለች። ዛሬ ግን ባቡራቸው ሳይነሳ በአፏ ልትነግራቸው ለራሷ ምላለች።

"ጠበቃዬ!" አሉ አባቷ ኦሮንዞ፣ ገና እግራቸው መሬት ሳይነካ። የክት ኮታቸውን ለብሰዋል። መንገደኛው ሁሉ ዞረ።

"ቀስ በል አባዬ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! ሌላ ለምን መጣሁ?"

እናቷ ዶራ አቅፈው ከሳሟት በኋላ ክንዷን ጨመቅ ጨመቅ አደረጉት። "ምንድን ነው ይሄ? ድንጋይ ነው እንዴ የምትሸከሚው?"

"የሕግ መጽሐፍ ቀላል መሰለሽ?" ብለው አባትየው መለሱላት። ኖኤሚ ክንዷን አስለቅቃ ወደ መውጫው መራቻቸው።

ኦሮንዞ የሚራመዱት እንደ ሙሽራ አጃቢ ነበር። ቦሎኛ ደግሞ መንገዷ ሁሉ በቅስት የተሸፈነ ነው፤ ሰውየው እያንዳንዱን ዓምድ በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ካላለፉ አይሆንላቸውም። "ይሄ ስንት ዘመን ቆሟል? ይሄኛውስ?" ይላሉ። ኖኤሚ ትቀድማለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትቀድማለች።

"አንቺ ልጅ፣ እሳት ልታጠፊ ነው?" አሉ እናቷ። "እኛ እኮ ልንዝናና ነው የመጣነው።"

ቡና ቤት ገብተው ባንኮኒው ጋ ቆሙ። አሁን ልንገራቸው አለች በሆዷ። "አባዬ፣ አንድ ነገር..."

"ቆይ ቆይ! ጌታው፣ ቡናዬን እንደ አገሬ እንደ ሌቼ በበረዶና በለውዝ ወተት ያድርጉልኝ።" አስተናጋጁ ትከሻውን ነቀነቀ። "ይኸውልሽ ዶራ፣ ጠበቃ ያሠለጥናሉ፣ ቡና ግን አያውቁም!" ባንኮኒው ጋ የቆመው ሁሉ ሳቀ። በዚያ ሳቅ መሃል እንዴት ይነገራል? ቀረ።

እናቷ ገበያው ሰፈር እንሂድ አሉ፤ ለጎረቤት የሚወስዱት ሞርታዴላ የሚባለው የከተማዋ ቋሊማ አምሯቸዋል። ኖኤሚ ደነገጠች። ሱቋ እዚያው ነው፤ ጓደኞቿ በመስታወቱ ውስጥ ሆነው ሲዳምጡ ከመንገድ ይታያሉ፣ ካዩዋትም በስሟ ይጠሯታል።

"ቅዳሜ እዚያ ኪስ አውላቂ ይበዛል" አለችና በሌላ መንገድ አዞረቻቸው።

የምታፍርበት ሥራ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ሊጡ ከእጇ ሥር እየሳሳ ሄዶ የጠረጴዛው እንጨት በስሱ ሲታይበት የሚሰማትን ደስታ፣ በሕግ ትምህርት ቤት አንድ ቀን እንኳን አግኝታው አታውቅም። የምትፈራው የአባቷን ፊት ነው። ኦሮንዞ ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ ወንበራቸው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ስለ ጠበቃዋ ልጃቸው ሳይሰማ ተላጭቶ አይነሳም።

ምሳ ላይ በሥጋ መረቅ የተቀቀለ ቶርቴሊኒ፣ በእጅ የሚጠቀለል ሥጋ የተሞላ ትንንሽ ፓስታ፣ ቀረበላቸው። እናቷ አንዷን በማንኪያ አንስተው አገላበጧት። "የጣቴን ጥፍር አታክልም እኮ! ማን ነው እንዲህ አድርጎ የጠቀለለው? እጁን ይባርከው።"

"እማዬ፣ እኔ..."

"እጁን ይባርከው ትያለሽ፣ የማን ልጅ ትሆን ዓይኗን ያጠፋችበት?" አሉ አባቷ እያኘኩ። "ቀኑን ሙሉ ሊጥ ላይ ተደፍቶ መዋል! ተመስገን ነው፣ የእኔዋ ልጅ ከዚህ ተርፋለች።"

ኖኤሚ ማንኪያዋን አስቀመጠች። መረቁ ሳትነካው ቀዘቀዘ።

ከምሳ በኋላ ወደ ትልቁ አደባባይ ወጡ። ፀሐዩ ሞቋል፤ ሰዉ በአደባባዩ ዳር ባለው ደረጃ ላይ ተሰጥቷል። ኖኤሚ ከፊት ከፊት እየሄደች ቃላት ትመርጣለች። "አባዬ፣ እንዳትቆጣ" ብዬ ልጀምር? አይ፣ እንዳትቆጣ ያሉት ሰው ቀድሞ ይቆጣል። "አባዬ፣ ደህና ነኝ" ብልስ? እንዲህ ከራሷ ጋር እየተሟገተች እግሯ በየማለዳው ለሥራ በሚሄድበት መንገድ ወሰዳት፤ አደባባዩን መሃል ለመሃል አቋርጣ ማዶ ደረሰች። ዞር ስትል እናትና አባቷ ከኋላዋ የሉም።

ወዲያ ነበሩ፣ በጠርዙ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ዳር ዳሩን ይዞራሉ። "አንቺ ዶራ፣ ወደ ውጭ! ወደ ውጭ ውጪ! የልጅቷን ዕድል ረግጠሽ እንዳታበላሺባት!" የሚለው የአባቷ ድምፅ ማዶ ድረስ ይሰማል።

የቦሎኛ ተማሪ ሳይመረቅ የዚያን አደባባይ መሃል አይረግጥም፤ የረገጠ አይመረቅም ይባላል። ስለዚህ ምንም ቢቸኩል፣ ዝናብ ቢወርድበትም፣ ዳሩን ዞሮ ነው የሚሄደው። ይህን ለአባቷ በመጀመሪያው ዓመት የነገረቻቸው ራሷ ኖኤሚ ናት። እሳቸውም ተማሪ ሳይሆኑ፣ ለእሷ ብለው፣ በዚያ ሐሩር በድካም እግራቸው ይዞሩላታል።

ኦሮንዞ ቀና ሲሉ ልጃቸውን ማዶ አዩዋት። እሷንም አዩ፣ መሃሉንም አዩ። መሃሉን ረግጣ እንደተሻገረች ገባቸው። አጠገቧ ሲደርሱ ጫማዋን ተመልክተው ፊታቸውን አዞሩ።

"እነዚያ ሰዎች ምን ሆነው ነው ግድግዳ ላይ የተለጠፉት?" አሉ ዶራ፣ የልጃቸውን መሻገር ሳያስተውሉ። ከአደባባዩ ጎን ባለው በአሮጌው ሕንፃ ቅስት ሥር፣ ሰዎች በየማዕዘኑ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመዋል።

"በዚህ ማዕዘን ያንሾካሾኩት፣ በቅስቱ ላይ ተጉዞ በዚያኛው ማዕዘን ይሰማል እማዬ። መሃል ላይ የቆመ አይሰማውም።"

"በሉ እናንተ ሞክሩት፣ እኔ እግሬን ላሳርፍ።" ሄደው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

ኦሮንዞ ወደ አንዱ ማዕዘን ሄዱ። ኖኤሚ ወደ ሌላው። ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አስጠጋች። ቀዝቃዛ ነበር።

"ተመርቀሻል እንዴ?" አለ ግድግዳው በአባቷ ድምፅ።

"አልተመረቅሁም፣ አባዬ።"

"እንግዲያ ረስተሽ ነው።"

ልጆቼ፣ እዚህ ላይ "አዎ፣ ረስቼ ነው" ብትል ታመልጥ ነበር። ሰውየው ራሳቸው በሩን ከፍተውላታል።

"አልረሳሁም። እኔን አይመለከተኝም። ትምህርቱን ትቼዋለሁ።"

ትንፋሻቸው ይሰማታል። "መቼ?"

"አምና፣ ከፋሲካ በኋላ።"

"ገና ላይ መጥተሽ ፈተናው ከበደኝ ያልሽኝስ?"

"ዋሽቼህ ነው።"

"ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ሊጥ እዳምጣለሁ። ቅድም የበላኸውን ዓይነት እጠቀልላለሁ። ደስ ብሎኝ ነው የምሠራው አባዬ፣ ማንም አላስገደደኝም።"

"ያን ሁሉ ስለፈልፍ ዝም ብለሽ ሰማሽኝ?"

"ፈራሁህ።"

"እኔን?" ድምፃቸው ተሰበረ። "ምላጭ ይዤ ጉሮሮው ላይ ስቆም ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል። አንቺ ፈራሽኝ?"

ከኋላዋ ተራ የሚጠብቅ ቱሪስት ጉሮሮውን ጠረገ። አልተንቀሳቀሰችም።

"አሳፈርኩህ። ሱቅህ መጥቼ ለደንበኞችህ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።"

"ተይ። ያወራሁት እኔ ነኝ፣ እኔው እመልሰዋለሁ። መመለሱ ከባድ ነው፣ አይከብድም አልልሽም። አንቺ ለእናትሽ ንገሪያት። አሁኑኑ። ግድግዳ ሳትይዢ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሽ። እኔን እንዳደረግሽኝ እሷን እንዳታደርጊያት።"

ኖኤሚ ከድንጋዩ ተላቀቀች። ቱሪስቱ ፈጥኖ ቦታዋን ያዘ። ወደ አባቷ ስትመለከት ግን ኦሮንዞ አሁንም ወደ ግድግዳው ዞረው እንደቆሙ ናቸው፤ ከኋላቸው የተሰለፉት ሰዎች የአባቷን የክት ኮት ጀርባ እያዩ ይጠብቃሉ።

ደረጃው ላይ ሄዳ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። እናቷ ጫማቸውን አውልቀው የእግራቸውን ጣቶች እያሹ ነው።

"አባትሽ ምን ነካው? እዚያው ሊያድር ነው?"

"እማዬ፣ እግርሽን ተዪውና እዪኝ" አለች ኖኤሚ። እናቷ ቀና እስኪሉ ጠበቀችና፣ ጀመረች።