የጴጥሮስ ጣፊያ

ጴጥሮስ ከሰገን ቆላ የጥጥ እርሻ ወደ መንደሩ ወደ ሆመቾ ሲመለስ ሆዱ ተወጥሮ ክንዱ ቀጥኖ እንጨት አክሎ ነበር። በሆሳዕና የጤና ጣቢያው ሐኪም ከጣፊያው በቀጭን መርፌ ናሙና ቀዳና ለላቦራቶሪ ሠራተኛዋ ለጣቢታ ሰጣት። በማይክሮስኮፕ ስታየው ካላዛር ነበር፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ሰውነት ውስጥ የሚገባ ረቂቅ ተባይ የሚያመጣው በሽታ። ተባዩን ውጠው መግደል የነበረባቸው ትልልቅ ሴሎች በተባይ ታጭቀዋል፤ ቢሆንም በሕይወት አሉ። ተባይ ያልነካቸው ትንንሾቹ ግን ተኮማትረው፣ አስኳላቸው ተሰባብሮ ሞተዋል።

«እነዚህን ምን ገደላቸው?» ብላ ሐኪሙን ጠየቀችው።

«ራሳቸውን ያጠፉ ይመስላል። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

የሠላሳ ቀን መርፌ ታዘዘለት። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የቀበሌው ሹም አክሊሉ ሁለት ጠመንጃ ያዥ አስከትሎ ላቦራቶሪው ድረስ ገባ። ጴጥሮስ ለምርመራ ደም ሊሰጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ያ ወር የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ወር ነበር።

«ሆዱን ነፍቶ ከዘመቻ የሚሸሸው ይሄ ነው?»

«ጓድ አክሊሉ፣ ጣፊያው አብጦ ሊፈነዳ ደርሷል። በእጅ እንኳ አይነካ» አለች ጣቢታ።

«እንየዋ!»

ከአንዱ ጠባቂ ጠመንጃውን ነጥቆ በሰደፉ ግራ ጎኑን አለው። ጴጥሮስ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ወደቀ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አክሊሉ «ተነስ!» ብሎ በከስክስ ጫማው እዚያው ላይ ደገመው። ሆዱ ሲጠጥር ለዓይን ይታይ ነበር።

ጣቢታ ማይክሮስኮፑን በሁለት እጇ አንስታ የአክሊሉ ፊት ላይ አሳረፈችው። መንጋጋው ሲሰበር ሰማች። ጥርሱ ከደሙ ጋር ወለሉ ላይ ተረጨ። ጠባቂዎቹ ክንዷን በሰደፍ ሰብረው በጸጉሯ ጎተቷት። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ አየች፦ የጴጥሮስ ተረከዝ ሲሚንቶውን እየፋቀ ነበር። ከዚያ ቆመ።

በታሰረች በሦስተኛው ወር የጴጥሮስ እናት ገነቴ ከሆመቾ በእግሯ መጣች። በሽቦው ማዶ ቆማ በሀድይኛ ጠየቀቻት።

«ልጄን በሽታው ነው የገደለው አሉኝ። እውነት ነው?»

ጣቢታ አዎ ብላ ልታሳርፋት አሰበች። አልሆነላትም።

«አይደለም፣ እማማ። እየዳነ ነበር። ትኩሳቱ ወርዶ፣ በመጨረሻው ጠዋት ምግብ አምሮት ነበር።»

ገነቴ በጡጫ ደረቷን መታች። ደገመች። በሦስተኛው ጣቢታ ደህናዋን እጇን በሽቦው ቀዳዳ አሾልካ ያዘቻት። ሽቦው ቆዳዋን ላጠው፤ አልለቀቀችም።

«ምን አማረው?» አለች እናቲቱ።

«ቆጮ በአይብ።»

ገነቴ እዚያው አፈሩ ላይ ዘርፈጥ አለች። ዘበኛው «ሰዓት አልቋል!» ብሎ ሲጮህባት ቀና ብላም አላየችው።