ሰባተኛዋ ደቂቃ

የልጅ ልጄ ሥራዋን ስትነግረኝ ድራማና ዘፈን በስልክ የሚያሳይ መተግበሪያ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር እንደምትሠራ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው አልገባኝም።

"እንዲህ ዓይነቱ ሞልቶ የለ እንዴ?" አልኳት።

"የሞላው ውድ ስልክና ፈጣን ኔትወርክ ላለው ሰው ነው፣ እማዬ። የኛ እንዳንቺ ያለ ስልክ ለያዘ ነው።"

እንዳንቺ ያለ ስልክ ማለቷ ትንሽ ቆርቆር አደረገኝ። ስልኬ ጥጉ ላይ ከመሰንጠቁ በቀር እንከን አይወጣለትም። ጀርባው እንዳይከፈት በላስቲክ አስሬዋለሁ፤ እሱም ቢሆን ለጥንቃቄ ነው።

መተግበሪያውን ለሙከራ ሠላሳ ሰዎች ስልክ ላይ ጫኑት። ሻጮች አሉበት፣ የጥበቃ ሠራተኞች አሉበት፣ ከበራችን ትይዩ የምትሠራው ልብስ ሰፊ አለችበት፣ እኔም አለሁበት። የጫነልኝ የልጅ ልጄ የሥራ ጓደኛ ነው። ቁመቱ በራችን ላይ ጎንበስ ሳይል ስለማያስገባው እኔ ረጅሙ ነው የምለው። ስልኬ ጀርባ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ለጠፈና፣ "የየትኛው ሰው ቁጥር ስንት እንደሆነ ለልጅዎ አልነግራትም፤ ለእርስዎ እንዳታዳላ ነው" አለኝ። ለኔ ብታዳላ ምን ነበረበት?

ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ሐሙስ ላይ ነበር። ሐሙስ ለሥራው ገንዘብ የሚመድቡት ሰዎች ፊት ይቀርባሉ። ሰዎቹ ከወደዱት ይቀጥላል። ካልወደዱት ሦስቱም ይበተናሉ፤ የልጅ ልጄን ደግሞ ሌላ ከተማ ያለ መሥሪያ ቤት እየጠራት ነው። ከተማው በአውቶቡስ አሥር ሰዓት ያስኬዳል። ይቺን ልጅ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ዳቦ ቤት ደርሳ እስክትመለስ ድረስ ልቤ ቦታው ላይ አይሆንም። አሥር ሰዓት ሙሉ እንዴት አድርጌ ነው የማስባት?

ስለዚህ ልረዳት ብዬ ድራማውን በትጋት አየሁት። የሙሽራ ድራማ ነው። ሙሽራዋ ከቤቷ ደረጃ ትወርዳለች፤ ደረጃው አሥራ አንድ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ቀሚሷን ትረግጥና ልትወድቅ ትላለች። አክስቷ ታለቅሳለች። ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ትገባለች። ሹፌሩ በመስታወት አያትና፣ "ወዴት ልሂድ?" ይላታል። እሷ አፏን ልትከፍት ስትል ስክሪኑ መሀል ትንሽ ክብ ብቅ ትልና መዞር ትጀምራለች።

ክቧ ስትዞር ልቤም አብሮ ይዞራል። ልጄ እየደወለች ይሆን? መንገድ ላይ አንድ ነገር ገጥሟት ስልኬን ድራማው ይዞባት ይሆን? ቶሎ ብዬ እዘጋዋለሁ። ከዚያ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። የሚደውል የለም። መልሼ ስከፍተው ሙሽራዋ እንደገና ደረጃው አናት ላይ ቆማለች።

ልብስ ሰፊዋ ጋ ቁልፍ ላስተክል ስሄድ ስለ ድራማው እንጨቃጨቅ ነበር።

"ሹፌሩ የድሮ ወዳጇ ነው፤ እትዬ ሙች ብያለሁ" ትላለች መርፌውን በጥርሷ ይዛ።

"እኔን አትግደይኝ። ደግሞም ወንድሟ ነው። አፍንጫቸውን አላየሽም?"

"ወንድም እህቱን ወዴት ልሂድ ይላታል?"

"ታዲያ ቀጥሎ ምን አለችው?"

መርፌውን ከአፏ አወጣች። "እሱንማ አላሳዩንም። እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው። የቀረውን በልባችሁ ጨርሱት የሚሉት ዓይነት ነው።"

እኔም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ አጨራረስ እንዳለ አውቃለሁ። አልወደድኩትም። ግን ልጄ የደከመችበትን ነገር፣ "መጨረሻ የለውም" ብዬ እንዴት ላስከፋት? "ግሩም ነው" እያልኩ ከረምኩ።

ረቡዕ ከሰዓት የልጅ ልጄ ላፕቶፑን በብብቷ ይዛ ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ የምትገባው ወይ በጣም ሲከፋት ወይ በጣም ደስ ሲላት ነው። ጠረጴዛው ላይ ከፈተችውና ስክሪኑ ላይ እንደ ግንብ ቀጥ ያለ ሰማያዊ ሥዕል አሳየችኝ።

"ይሄ ምንድነው መሰለሽ? የሙሽራዋ የመጀመሪያ ስድስት ደቂቃ። ሰው ሁሉ ደጋግሞ ነው የሚያየው። አንዱማ አርባ ሰባት ጊዜ አይቶታል።"

"አንዱ ማነው?"

"ቁጥር አሥራ ዘጠኝ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ላቅፈው ነው የምፈልገው። ነገ ይህን ነው የምናቀርበው። ሰዎቻችን ረጅም ነገር አይፈልጉም፤ አጭር መግቢያ ነው የሚወዱት ብለን ድራማዎቹን ሁሉ ስድስት ስድስት ደቂቃ አድርገን ልንቆርጣቸው ነው።"

ብርጭቆ ላጥብ ብዬ ተነሣሁ። የታጠበውን ብርጭቆ ደግሜ አጠብኩት። ስልኬ ጀርባ ላይ ያለው ወረቀት አሥራ ዘጠኝ እንደሚል አውቃለሁ፤ ላስቲኩን ባጠበቅሁ ቁጥር አየዋለሁ። ዝም ብል ነገ ሰዎች ፊት ቆማ የኔን ፍርሃት የሕዝብ ፍቅር ነው ብላ ልትናገር ነው። ብናገር ደግሞ በዋዜማው ሥራዋን ላፈርስባት ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይሄኛው ዝምታ ግን እጄ ላይ ሲነቅዝ ተሰማኝ።

እጄን አደረቅሁና ስልኩን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ላስቲኩን ፈታሁት።

ቁጥሩን አየችው። ቀና ብላ እኔን አየች።

"አርባ ሰባት ጊዜ ወደድሽው?"

"አርባ ሰባት ጊዜ ዘጋሁት።"

ነገርኳት። ስለ ክቧ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ መርፌ። ተነሥታ ልብስ ሰፊዋ ጋ ተሻገረች። ከዚያ መንገዱ ጥግ ያለው የጥበቃ ሠራተኛ ጋ ሄደች። እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ አያታለሁ። ጥበቃው እጁን በአየር ላይ ሲያዞር ሳይ ገባኝ፤ ለካ እሱም ጋ ክቧ አለች።

ተመልሳ ስትገባ ተቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀች ነው።

"እማዬ፣ ከሠላሳ ሰው አንድም ሰው ሰባተኛዋን ደቂቃ አላየም።"

ረጅሙ ተጠርቶ ጎንበስ ብሎ ገባ። የመጀመሪያው ስድስት ደቂቃ አስቀድሞ ስልኩ ላይ እንደሚጫን አስረዳን፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ኔትወርክ ይጠይቃል፤ ኔትወርኩ ካመነታ ክቧ ትዞራለች፤ የታከተው ሰው ይዘጋዋል፤ ሲከፍተው ከደረጃው ይጀምርበታል። እነሱ ቢሮ ውስጥ ኔትወርኩ አመንትቶ ስለማያውቅ አንድም ቀን አልታያቸውም።

"እማማ፣ እውነት አርባ ሰባት ጊዜ?" አለኝ ራሱን እያከከ።

"አርባ ስምንት። የዛሬ ጠዋቱን አልቆጠርከውም።"

ሐሙስ፣ "አንቺም ትመጪያለሽ፤ ስልክሽን ያዢ" አለችኝ። እምቢ ብዬ ብዙ ታገልኩ፤ አልሆነም።

ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ጠረጴዛው እንደ መስታወት ፊት ያሳያል፤ እያንዳንዱ ሰው ፊት ውሃ ተቀምጧል። አምስት ሰዎች ናቸው። መሀል ላይ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ተቀምጣለች፤ ሲያዩአት እሺም እምቢም ከእሷ እንደሚወጣ ያስታውቃል። የልጅ ልጄ ሰማያዊውን ግንብ አሳየቻቸው። አምስቱም በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይሄ ሥዕል አልተሳሳተም፤ ትርጉሙን የተሳሳትነው እኛ ነን" አለቻቸው።

ስልኬን ጠረጴዛው መሀል አድርጋ ድራማውን ከፈተችው። ሙሽራዋ ወረደች። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተደናቀፈች። ሹፌሩ፣ "ወዴት ልሂድ?" አላት። ክቧ መዞር ጀመረች። እጄ ሳያማክረኝ ተዘርግቶ ዘጋው።

ባለ መነጽሯ ጠጋ አለች። "እናቴ፣ ለምን ዘጉት?"

"ልጄ እየደወለች ከሆነ ብዬ ነው።"

"ልጅዎ የት ናት?"

"ይቺው" አልኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠችውን እያሳየሁ።

አንዱ ውሃው ትን አለው። ሌሎቹም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? የልጅ ልጄ ግን አልሳቀችም። "ሰዎቻችን አጭር ድራማ ስለሚወዱ አይደለም። የሚጠብቁት ሰው ስላላቸው ነው፤ መብራት ስለሚጠፋ ነው፤ ደንበኛ ስለሚመጣ ነው። መተግበሪያው ሰው ያቆመበትን ማስታወስ አለበት። ስልክ ሲደወል ድራማው በራሱ መቆም አለበት። እሱን ለመሥራት ስድስት ወር ስጡን" አለች።

ባለ መነጽሯ መነጽሯን አደረገች፤ አወለቀች። "እኔም ስልኬ ላይ ጭናችሁልኝ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "መንገድ ላይ ሆኜ ነው የማየው። ሙሽራዋ ከዚያ መኪና ወጥታልኝ አታውቅም። ሥራ የበዛብኝ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።" ከዚያ ወደ ባልደረቦቿ ዞረች። "ስድስት ወሩን እንስጣቸው። ቢያንስ ሹፌሩ ማን እንደሆነ ልወቅ።"

ይሄ ከሆነ ሁለት ወር አለፈው። የልጅ ልጄ አውቶቡስ አልተሳፈረችም። ትናንት የአዲሱን የመጀመሪያ ሙከራ ጫነችልኝና ወደ ቢሮዋ ሄደች። ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ከፈትኩት። ሹፌሩ፣ "ወዴት ልሂድ?" አላት። ክቧ አልመጣችም። ሙሽራዋ አፏን ከፈተች፤ ይኼኔ ስልኩ ጮኸ።

"ምን ሆንሽ?" አልኩ።

"ምንም አልሆንኩም። ቢሮ ደርሻለሁ ልልሽ ነው።"

"እሺ፣ ዝጊው እንግዲህ" አልኳት፤ ዕድሜዬን ሙሉ ብያት የማላውቀውን። ስመለስ ሙሽራዋ አፏን እንደከፈተች ቆማ ጠበቀችኝ። መለሰችለትም።

ሹፌሩ ማን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ለልብስ ሰፊዋ አልነገርኳትም። አፍንጫቸውን ግን ደግማ ብታይ ይሻላታል።