ትንሿ አረንጓዴ መብራት

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የኔው ግን ባዳነቱ አልበቃው ብሎ አገር ጥሎ ጠፍቷል። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ እያለን በአሥራ አንድ ዓመቴ ማጅራት ገትር ያዘኝ፤ እኔ ከአልጋዬ ተነሣሁ፣ ጆሮዬ ግን አብሮኝ አልተነሣም። እናገራለሁ፣ እጽፋለሁ፣ የሰው ከንፈር እያየሁ የሚለውን እለቃቅማለሁ። በ1999 ዓ.ም. ሶዶ ውስጥ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለሦስት ወር ሙከራ በጸሐፊነት ቀጠረኝ።

ሁለት ወር ተኩል እንደሠራሁ አለቃዬ እትዬ የማርያምወርቅ በእጃቸው የጻፉትን ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «ለወይዘሪት ብርቄ። ጉዳዩ፦ የሙከራ ጊዜን ስላለማለፍ» ይላል። ቢሮው ውስጥ ታይፕ የምታደርገው ወይዘሪት ብርቄ ብቻ ናት። ስለዚህ ስንብቴን የምጽፈውም እኔው ነኝ፣ የማኅተሙን ቦታ ሳይቀር አስተካክዬ!

ጥፋቴ ኮምፒዩተር ማበላሸት ነው። አልክድም፣ አራት ጊዜ የተጀመረ ደብዳቤ አጥፍቻለሁ። ወረቀት ላስፈርም ወጣ ብዬ ስመለስ ስክሪኑ ጨልሞ አገኘዋለሁ። አሮጌ ስለሆነ ማውሱን ብነካካውም ቶሎ አይነቃም። መብራት ደግሞ በቀን ሦስቴ ይሄዳል፣ ይመጣል። «ጠፍቷል» እልና የሲፒዩውን ቁልፍ እጫናለሁ። ለካስ በርቶ ኖሯል! ሴቭ ያላደረግሁትን ሁሉ ውኃ በላው።

«ሲያጉረመርም አይሰማሽም?» አሉኝ እትዬ የማርያምወርቅ፤ ወዲያው ደንግጠው አፋቸውን ያዙ።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ሌላው ሰው ኮምፒዩተሩ መሥራቱን የሚያውቀው በድምፁ ነው። እኔ ሥልጠና የወሰድኩበት ኮምፒዩተር ከቁልፉ በላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ነበረችው፤ እሷን እያየሁ ነው የተማርኩት። የቢሮው ግን መብራቷ ከጠፋች ከርማለች፣ ልብ ያላትም ሰው የለም።

«እባክዎ፣ መጀመሪያ ጠጋኝ ይጠራልኝ» አልኳቸው። «ከዚያ በኋላ ስንብቴን እጽፋለሁ።» እሺ አሉ።

ከመናኸሪያው ጀርባ ሬዲዮና ኮምፒዩተር የሚጠግነው ኤልሳዕ መጣ። ጢሙ ከንፈሩን ስለሸፈነብኝ እሱ የሚያናግረኝ በወረቀት ነበር። አበራ፣ አጠፋ፣ እንደገና አበራና «ማሽኑ ደህና ነው። መብራቷ ጌጥ ናት፣ ተያት» ብሎ ጻፈ።

ደሜ ፈላ። «ላንተ ጌጥ ናት፤ ለኔ እንጀራዬ ናት!» አልኩት። ሳላውቀው ጮኼ መሆን አለበት፣ ከጎን ክፍል ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ።

ኤልሳዕ አልተቆጣም። ሶፍት ጠቅልሎ ሁለቱንም ጆሮውን ወተፈና ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ቁልፉን ተጭኜ ሲፒዩውን አጠፋሁና ትከሻውን ነካ አደረግሁት። ዓይኑን ገልጦ መብራቷን አየ፣ ምንም የለም። እጁን ሲፒዩው ላይ አሳረፈ። ከግድግዳው ማዶ ወፍጮ ቤት ስላለ ጠረጴዛችን ቀኑን ሙሉ ከነዕቃው ይንቀጠቀጣል። «በርቷል» ብሎ ጻፈ። «አልበራም» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁበት። ሶፍቱን ከጆሮው አውጥቶ መፍቻውን አነሣ።

ሲፒዩውን ከፍቶ የመብራቷን ሁለት ሽቦዎች ነቀለ። ከቦርሳው ሁለት የሬዲዮ ድንጋይ አውጥቶ አስነካቸው፣ ዝም አለች። ሽቦዎቹን ገልብጦ ሲያስነካቸው ቦግ! አልተቃጠለችም ማለት ነው። «ይቺ መብራት ፕላስና ማይነሷ ከተገለበጠ አትበራም» ብሎ ጻፈልኝ። ቀድሞ ተሰክታ የነበረበትን ቦታ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። አዙሮ ሰካት፣ አበራው፣ አረንጓዴዋም መጣች።

ደስታዬን ሳልጨርስ ኤልሳዕ የስንብት ረቂቄን አንሥቶ በጀርባው መጻፍ ጀመረ። «አምና አቧራ ለማጽዳት ስፈታው የመብራቷን ሽቦ ገልብጬ የሰካሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ እንጂ የልጅቷ አይደለም።» ስሙን ጻፈ፣ ፈረመበት፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ እትዬ የማርያምወርቅ ክፍል ገባ።

ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር? እኔ ስለ ሽቦ ምን አውቄ! ደንበኛ እንደሚያጣበት እያወቀ ነው የፈረመው። ሲወጣ እንባዬ መጣ። «አመሰግናለሁ» ማለት ለዚያ ሰዓት አነሰብኝ፣ በእናቴ ቋንቋ፣ በወላይትኛ «ጋላታይስ» አልኩት። እስከ ዛሬም ስሙን ሳላነሣ ጸሎቴን አልጨርስም።

ረቂቁ ከሰዓት በኋላ ተመለሰልኝ። በቀይ እስክሪብቶ «ይህ አይጻፍ» ተብሎበት፣ ከሥሩ ተፈርሞበታል።

በማግስቱ ጠዋት የቢሮውን በር ስከፍት እትዬ የማርያምወርቅ ከጠረጴዛዬ ፊት ብቻቸውን ቆመዋል። ኮምፒዩተሩን አብርተው፣ ሁለት ጣቶቻቸውን ጆሯቸው ውስጥ ከትተው፣ ትንሿን መብራት ትክ ብለው ያያሉ። መግባቴን አልሰሙም። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ በሆዴ፤ በሩን ቀስ አድርጌ መልሼ ዘጋሁና እስኪወጡ ውጭ ጠበቅኳቸው።