ስቴቱ በሞቴ አይልም

ሰገነት ከፓርኪንግ ሥራዋ ወጥታ፣ ልጇን እያካለበች ፌርፋክስ አጠገብ ካለው ትምህርት ቤት ስትደርስ የወላጆች ስብሰባው ተጀምሯል። ዓለምሰገድ አራት ዓመቱ ነው። የሚይዘው ሰው ስለሌለ ቀኑን የሚገፋው በእናቱ የሒሳብ መቀበያ ቤት ውስጥ፣ ከወንበሯ ሥር ሆኖ ወረቀት ሲጭር ነው። ዛሬ ጠዋት አለቃዋ አየው። ከሰኞ ጀምሮ ልጁ እዚህ ከታየ እሷም እንዳትመጣ ነገራት።

ባለታክሲው ጋሼ ተስፋሁን ከፊት ቆመው፣ ከትምህርት ቤቶቹ ዲስትሪክት የመጣችውን ሴትዮ ንግግር ይተረጉማሉ።

"ለትንንሾቹ ልጆች ተንቀሳቃሽ መማሪያ ክፍል በትራክ ጭነው አምጥተው እዚህ ግቢ ያቆሙልናል፤ ከፋዩ ስቴቱ፣ መንግሥት ነው። ግን ሩሉ፣ በቂ ፈላጊ ከሌለ ገንዘብ የለም ነው። ቤት ለቤት ዞረን ስንጠይቅ ሐበሾቹ አንፈልግም አሉን ትላለች። ሶ፣ ክፍሉ ለሌላ ሰፈር ሊሰጥ ነው።"

ሰገነት ክው አለች። ሴትዮዋ በሯን ያንኳኳች ዕለት "አይ፣ ግድ የለም፣ አትቸገሩ" ብላ መልሳታለች። ታዲያ ምን ትበል? ጨዋ ሰው ገና ሲጠየቅ እሺ ይላል እንዴ? አንዴ እንቢ ይባላል፣ ጠያቂው በሞቴ ይላል፣ ከዚያ እያፈሩ እሺ ይባላል። እሷ በሞቴውን ስትጠብቅ ሴትዮዋ አመስግና ወደ ጎረቤቷ ወደ ሸዋረጋ አለፈች። ሸዋረጋም ያንኑ አለች፤ ከእሷ ቀጥላ ያለችው ፋጡም ያንኑ። ይሉኝታ ክርስቲያን እስላም አይልም።

"ዛሬ የመጨረሻ ነው" አሉ ጋሼ ተስፋሁን። "የሚፈልግ እጁን ያውጣ።"

እናቶቹ መሬት መሬቱን ያያሉ።

"ደግማ ትጠይቀን ይሆናል" አለች ሸዋረጋ ቀስ ብላ።

"አትጠይቅም። እዚህ አገር አንዴ ነው" አሉ ጋሼ ተስፋሁን ሰምተዋት።

ሰገነት ተነስታ እጇን አወጣች። ከእንግዶች ሁሉ ቀድማ ገበታ ላይ እጇን የሰደደች ያህል አፈረች። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ አንድ ነገር ተናገረች።

"አንድ ልጅ ክፍል አይሞላም ነው የምትለው" አሉ ጋሼ ተስፋሁን። "አዝናለሁ ትላለች።"

ሴትዮዋ ቦርሳዋን መዝጋት ጀመረች። ሰገነት ልትቀመጥ ዞር ስትል ልጇን አየችው። ማንም ሳያዘው፣ ልማድ ሆኖበት፣ ከወንበሯ ሥር ገብቶ ተኮራምቷል። መቀመጡን ተወችና ወደ ሴቶቹ ዞረች።

"ሸዋረጋ፣ በሞቴ አውጪ።"

"ኧረ እኔ እንኳን ግድ የለም..."

"አፈር ስሆን።"

"ኧረ ምን በወጣሽ" አለች ሸዋረጋ፤ እያፈረችም እጇን አወጣች።

"ፋጡ፣ አንቺም በሞቴ።"

ፋጡም አወጣች። ሴትዮዋ ቦርሳዋን መልሳ ከፈተች፤ ሰገነት ሴቶቹን ምን ብላቸው እንደሆነም ጋሼ ተስፋሁንን ጠየቀች። እሳቸው ለበሞቴ የሚሆን እንግሊዝኛ ፈልገው አጡ። ሰገነት ግን ወደሚቀጥለው ወንበር አልፋለች።