የታጠቡት ሳንቲሞች

ይህን ታሪክ ሳወራ አንዲት ነገር ከጨመርኩ ዓይኔን ያፍሰው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ጡረተኛው የከባድ መኪና ሾፌር በአሮጌ ሳንቲም ሱቅ መስታወት ላይ አፍንጫውን ለጥፎ፣

«ያንን አውጣልኝ። አይ፣ እሱን አይደለም፤ ከጎኑ ያለውን ጥቁሩን» ይላል።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ በራ ማለት ነው!» አለ ባለሱቁ። «ባለፈው የመጡ ጊዜ እኮ ካዝናውን እኔ መስሎዎት ሰላም ብለውት ነበር።»

«ካዝናው ይሻል ነበር፤ ዋጋ አይጨምርም።»

አንድ ዓይኑ ከሞራ ግርዶሽ ከተገላገለ ገና ሳምንት አልሞላውም። «ለአረጋውያን በነፃ ነው» ብላ ያሳከመችው ሴት ልጁ ናት፤ ሁለተኛው ዓይኑም ቀጠሮ ተይዞለታል። ዓይኑ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ፣ ሆድ ሲብሰው የሳንቲም ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትቶ ይነቀንቅና ሲንኳኳ ሰምቶ ይተኛ ነበር። ዛሬ ፋሻው ሲፈታለት ሊከፍተው ፈለገ። ልጁ ግን «ቁልፉ ጠፍቶብኛል» አለችው። እሷ ጓዳ ስትገባ ጠብቆ፣ ናፍቆቱን በሰው ሳንቲም ሊያስታግስ ወደ ሱቆቹ ገሰገሰ። አንደኛው ሱቅ ከመዳብ በቀር ሌላ ሳንቲም አልነበረውም። ሁለተኛው የዘንድሮ ቅጂ የጥንት ነው ብሎ ሊሸጥለት ሞከረ። ሾፌሩ ሳንቲሙን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ሰማና፣ «ይሄማ የድስት ክዳን ልጅ ነው» ብሎት ወጣ። ይህ ሦስተኛው ሱቅ ነው።

ባለሱቁ ሰሞኑን የገባለትን ትሪ አወጣ። የብር ሳንቲሞቹ እንደ አዲስ ማንኪያ ያብረቀርቃሉ።

«ውይ!» ሾፌሩ ራሱን ያዘ። «የቱ ጅል ነው ያጠባቸው?»

«አንዲት ሴት ናት። ሲያብለጨልጩ የሚወደዱ መስሏት፣ በጥርስ ሳሙና ፈትጋ ፈትጋ ፊታቸውን ልጣ አመጣችልኝ።»

«የስንት ዘመን ጥቁረት እኮ ነው! ሽማግሌን ሽበቱን ነጭቶ ጎረምሳ ሆነ እንደማለት ነው። እና በምን ሒሳብ ገዛሃቸው?»

«በብሩ ክብደት ነዋ፤ የታጠበ ሳንቲም ማን ሰብሳቢ ይነካዋል?» ባለሱቁ አንዱን ብድግ አደረገ። «ይቺ ሳትታጠብ ብትመጣ ብቻዋን የሁሉንም ዋጋ ታወጣ ነበር። ምን ያደርጋል። አባቷን ልታሳክም ነው ያለችኝ።»

ሾፌሩ እየሳቀ ተቀበለው። ወደ ብርሃን አዞረው። ጠርዙ ላይ አንዲት ጎድጓዳ ጭረት ነበረች።

ሳቁ ከፊቱ ላይ ረገፈ። ጭረቷን ያውቃታል። ልጁ ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ የሬዲዮውን ብሎን በዚህ ሳንቲም ልትፈታ ስትታገል የጫረቻት ናት። ያን ቀን «ሁለተኛ ሳንቲሞቼን እንዳትነኪ!» ብሎ ሲጮህባት፣ የጎረቤት ዶሮዎች ሰፈር ለቀው ተሰደዋል።

ሌሎቹን አንድ በአንድ ገለበጣቸው። በየከተማው ጭነት ሲያራግፍ፣ ምሳውን እየዘለለ የለቀማቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ምነው? ልጠቅልልልዎት?»

«ማጠቧ እንደጎዳት ነግረሃታል?»

«ኧረ አንጀቴ አልቻለም።»

«እንግዲያው ተመልሳ ብትመጣም አትንገራት» አለና ሳንቲሙን ትሪው ላይ ቀስ አድርጎ መለሰው።

ቤት ሲደርስ ልጁ ቧንቧው ሥር አጎንብሳለች። ስታየው እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«አባዬ! ብቻህን ወጣህ? መኪና ቢገጭህስ?»

«ዕድሜ ልኬን መኪና ነድቼ መኪና ይገጨኛል? ይፈሩኛል። ምን እየሠራሽ ነው?»

«ጥርሴን እየታጠብኩ።»

አረፋው አፏ ላይ አልነበረም፤ ጣቶቿ ላይ ነበር። ቧንቧው ጠርዝ ላይ አንድ ሳንቲም ተቀምጧል፤ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር። ከእንግዲህ የሚድን አይደለም።

«ልነግርህ ነበር» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ። «ይሄ የመጨረሻው ነው። ለሁለተኛው ዓይንህ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ብሎን ነው። ትቆጣኛለህ ብዬ…»

ሳንቲሙን አንስቶ አገላበጠና መልሶ አስቀመጠው።

«ግን በደንብ ነው የማጥባቸው፣ አባዬ። ሲያበሩ ጥሩ ያወጣሉ። አይደል?»

በርጩማውን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ብሩሹን ከእጇ ወሰደና ፈገግ አለ።

«ያወጣሉ፣ የኔ እናት። ያወጣሉ። ጠርዙ ላይ ግን አስቀርተሻል» አለና ጥቁሩን ወገን ይፈትግ ጀመር።

ሁሉም እውነት ነው ብዬ ምያለሁ። አንዲቷን ግን ከራሴ ነው የጨመርኳት፤ ፈገግ አላለም።